የአሥራ አራተኛ ፎቅ ይግባኝ

እግዜር የማይቻል አይሰጥም የሚሉት ነገር በሪሁን ዘለቀ ዘንድ አይሠራም። በሪሁን በዚህ ዓለም አንድ የማይችለው ነገር ቢኖር የገዛ ቃሉን በሰው አፍ መስማት ነው፤ ይኸው በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሰማዋል።

«ጉልበት እጠፉ! አከራይ ተከራዩን ሳያስፈቅድ ቤት መግባት አይችልም። ቀና በሉ! ከገባም በምስክር ፊት አስወጡት እንጂ እጃችሁን እንዳታነሱ። ጉልበት እጠፉ!»

ድምፁ በየፌርማታው ድምፅ ማጉያ የሚለቀቀውን የጠዋት ፕሮግራም የምታቀርበው፣ የቢሮ ባልደረባው የሶልያና ነው። እየሮጠች ነው የምትናገረው፤ አንድ ቀን እንኳ ትንፋሽ አጥሯት አያውቅም። የአውቶቡስ ሰልፈኛው ሁሉ አብሯት ይታጠፋል፣ አብሯት ቀና ይላል። ዳቦ የያዘችው ዳቦዋን እንደያዘች፣ ከረባት ያሰረው ከረባቱን በአንድ እጁ ይዞ ይታጠፋል። በየሰው እጅ ላይ ያለው አምባር ይቆጥራል፤ ሠላሳ ያልሞላለትን አውቶቡሱ አያሳፍርም። ምክሩን ከቃል እስከ ነጥብ የጻፈው በሪሁን ደግሞ እዚያው ሰልፉ መሐል ጥርሱን ነክሶ ይታጠፋል።

«ይቺ ልጅ እኮ ሕጉን ጠጥታዋለች» አለ አንድ ቀን ከፊቱ የቆመ ሰውዬ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ማን ቀድቶላት እንደሆነስ ታውቃለህ?» አለ በሪሁን።

«ማን ነው የቀዳላት?»

በሪሁን አምባሩን አሳይቶ ተሳፈረ። ምን ይበል? የቅጥር ውሉ የምክር ጸሐፊ ስሙን ለማንም አይናገርም ይላል። ያንን አንቀጽ የጻፈውም ራሱ ነው፤ ያኔ ሶልያና አልተቀጠረችም ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ እስከ ቢሮው ድረስ የገዛ ምክሩን እየሰማ ሄደ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አራት ነው። በወይዘሮ ውዳላት የጥብቅና ቢሮ መግቢያ ላይ፣ ከስም ዝርዝሩ ጎን፣ የየሠራተኛው የልብ ምት ሲበራ ይውላል። ከላይ «ሶልያና፣ 47»። ወረድ ብሎ ተላላኪው፣ ገንዘብ ያዧ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ከሁሉም ሥር «በሪሁን፣ 88»። ይህን ሰሌዳ ለጌጥ የሰቀሉት እንዳይመስላችሁ። የልብ ምት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ማመልከቻ በችሎት ፊት የሚነበበው አምባር ባሰረ ሰው ነው። ይህን ሰው ቃል አቅራቢ ይሉታል። ሲያነብ ልቡ ከሰባ ሁለት ካለፈ ችሎቱ ቃሉን ይጠራጠርና ወረቀቱን ይመልሳል። ስለዚህ የጠበቃ ቢሮዎች ሕግ አዋቂ መፈለግ ትተው ልበ ቀዝቃዛ መፈለግ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ሶልያና የተማረችው ስፖርት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። «ይርጋ» ማለት የክስ ጊዜ ማለፍ መሆኑን የነገራት በሪሁን ነው፤ ሦስት ጊዜ ነግሯታል። እሱ አርባ ስድስት ዓመቱ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ሃያ አንዱን ከሕግ ጋር ነው ያሳለፈው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ችሎት ሲቆም ምን ሊመጣበት እንደሚችል ያውቃላ! ልቡ አይመታ ቢባል በምን አንጀቱ? ሦስት ጊዜ ቆሞ ሞክሯል። መቶ አራት፣ መቶ አሥራ ስምንት፣ መቶ ሃያ አንድ።

«በሪሁን ልጄ» አሉት ወይዘሮ ውዳላት ከሦስተኛው በኋላ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። «እጅህ ወርቅ ነው። ልብህ ግን የጥምቀት ከበሮ ነው። አንተ ጻፍ፣ እሷ ታንብብ። ምን አለበት?»

ምን አለበት ይላሉ! የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲሉን ኖረው፣ በእሱ ወርቅ ልጅቷ ስትደምቅ ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያላደረገው ነገር የለም። በጠዋት በሶ፣ ማታ የተልባ ውኃ። እሷ የገዛችውን ጫማ ገዛ፤ እሷ የምትሮጥበትን ሜዳ ለይቶ እሷ ከወጣች በኋላ ይሮጥበታል። ቤቱ ተጋድሞ ሲለካ ስልሳ ስድስት ይወርድለታል። ችሎት ደጃፍ ሲደርስ ግን ያው ከበሮ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ልጅቷ ክፉ አለመሆኗ ነበር። ክፉ ብትሆን እኮ ይቀለው ነበር። «ጋሼ በሪሁን፣ ውኃ ጠጣህ?» ትለዋለች በየቀኑ።

በዚህ ላይ ነው የጋሽ ሽብሩ ጉዳይ የመጣው።

ጋሽ ሽብሩ ጫማ አዳሽ ናቸው። ሰሚት አካባቢ ካለ ሕንፃ ሥር ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ ቤታቸው እዚያው ሕንፃ ላይ አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ማንንም ያወርዳል። ለማውጣት ግን የዕለቱን ስምንት ሺህ እርምጃ ይጠይቃል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው ሰባ ዓመት የሞላው ብቻ ነው። ጋሽ ሽብሩ ሁለቱም ጉልበታቸው ያለቀ ሰው ናቸው። ሐኪሙ ጋ ቢሄዱ ለጉልበት ሕመም ያዘዘላቸው እርምጃ ነው።

«ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ ለበሪሁን፣ ቢሮው ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው። «መዝገቡ ላይ ግን ስልሳ አራት ነኝ።»

«እንዴት ሆኖ?»

ሽማግሌው አፈሩ። «ኳስ እጫወት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ አሠልጣኛችን ከአሥራ ሰባት በታች ቡድን አስገባኝ። ሰባት ዓመት ቆርጦ ጣለልኝ። ጢሜን በቀን ሁለቴ እየተላጨሁ ከልጆች ጋር ተጫወትኩ። ዋንጫም በላን። ያ ዕድሜ መታወቂያዬ ላይ ቀረ፤ ማን ያስተካክለው? ያኔ ወጣት መባል የሚጠላ ሰው የለም።»

በሪሁን ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቁም።

«ተዋበች እላይ ናት» አሉ። «ስትሮክ ከመታት ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ቀን ቀን ጎረቤት ያያታል። ማታ ብቻዋን ናት። እኔ ሱቄ ውስጥ ከሰው ጫማ ጋር እተኛለሁ። ግድግዳውን አልፎ ትጠራኛለች እያልኩ ጆሮዬን አቁሜ ነው የማድረው። አሥራ አራት ፎቅ እንደማይሰማ አጥቼው አይደለም።»

የክርስትና ወረቀታቸውን ከብብታቸው አወጡ። የታጠፈበት ተበልቷል፤ የቄሱ ማኅተም ግን ይነበባል፤ ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ዓ.ም.። በሪሁን ያንን ማመልከቻ ሲጽፍ እጁ አልደከመውም። በሃያ አንድ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልወጣውም። ሲጨርስ ወይዘሮ ውዳላት አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ የማያልፍበት ምክንያት የለም» አሉ። «ሶልያና ትቆምበታለች። ይኼ ካለፈ የዋና ቃል አቅራቢነቱን ወንበር ለእሷ እሰጣታለሁ፤ አሥር ዓመት ባዶውን ተቀምጧል።»

ያንን ወንበር በሪሁን ያውቀዋል። ባዶ ሳለ ማታ ማታ ሰው ሲወጣ ሁለት ጊዜ ተቀምጦበታል።

የችሎቱ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ሽብሩ ውስጥ ገብተው ከኋላ ወንበር ይዘዋል፤ ባለጉዳይ ልቡ ስለማይረጋ በችሎት እንዲናገር አይፈቀድም። ሶልያና የጫማዋን ክር እያጠበቀች ማመልከቻውን ታገላብጣለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ‹የማስረዳት ሸክም› የምትለዋ ምንድን ናት? ማን ነው የሚሸከመው?»

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። አሥር ዓመት ባዶውን የኖረው ወንበር፣ የጠዋቱ ሰልፍ፣ «ሕጉን ጠጥታዋለች» ያለው ሰውዬ፣ ሁሉም በአንዴ መጣበት። የማስረዳት ሸክም ማስረጃ የማምጣት ግዴታ እንደሆነ የማታውቅ ልጅ የእሱን ምርጥ ጽሑፍ ይዛ ልትገባ!

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «የክርስትናው ወረቀት እውነተኛ አይደለም። እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

ውሸት ነው። ወረቀቱ እንደ ፀሐይ እውነተኛ ነው። እሱ ያሰበው እንዲህ ነው፦ ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ልቧ ሰባ ሁለትን ያልፋል፣ ማመልከቻው ይመለሳል። መመለስ ደግሞ ውድቅ መሆን አይደለም፤ በሦስት ቀን እንደገና ይቀርባል። ወንበሩ ግን ያመልጣታል። ሽማግሌው ሦስት ሌሊት ሱቃቸው ቢያድሩ ምን ይሆናሉ? ይህን ያሰበው የራሱ አልጋ ያለው ሰው ነው እንግዲህ።

ሶልያና ቀና ብላ አየችው። በሪሁን ፊቷን ትቶ አምባሯን አየ። አርባ ስምንት። ጠበቀ። አርባ ስምንት።

«ለምን አሁን ነገርከኝ?»

«እንድታውቂው ብዬ ነዋ።»

«እሺ» አለችና ተነሥታ ገባች፤ እሱም ተከትሏት ገብቶ ከጋሽ ሽብሩ ፊት ተቀመጠ።

በሪሁን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷን በራሱ ልብ ሰፈራት። እሱ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ልቡ ከአፉ ይወጣል፤ እሷም እንደሱ መሰለችው። ሶልያና በችሎቱ ፊት ቆማ ሁለት ገጽ እንደ ወንዝ አወረደችው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዘጋችው።

«ይህን ገጽ አላነብም» አለች በዚያው በጠዋቱ ድምጿ። «ማመልከቻውን የጻፈው ሰው ‹የክርስትና ወረቀቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ› ብሎ አሁን ኮሪደር ላይ ነግሮኛል። ያላመንኩበትን አላቀርብም።»

ከግድግዳው ላይ አርባ ዘጠኝ በአረንጓዴ በራ።

«ቃሏ ተቀባይነት አግኝቷል» አለ የችሎቱ ድምፅ። «ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። ወረቀቱ ይያዝ።»

«አይደለም!» ብሎ በሪሁን ዘለለ። «ወረቀቱ እውነተኛ ነው! እኔ ነኝ የዋሸሁት! እሷን ዋሽቻት ነው!»

አንድ መቶ አርባ ሦስት። ቀይ።

«ቃሉ በጥርጣሬ ተይዟል» አለ ችሎቱ። «ተናጋሪው ልቡ ሲረጋ በአርባኛው ቀን በይግባኝ ቀርቦ ይናገር።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በሪሁን ወደ ኋላ ሲዞር ጋሽ ሽብሩ ባዶ ብብታቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ ውዳላት በሩን ዘግተው አስቀመጡት። አልጮኹም፤ ጮኸው አያውቁም።

«አሁን ስማኝ። ወረቀቱን ያሠራኸው አንተ ከሆንክ ወህኒ ትወርዳለህ። ልጅቷን ዋሽተህ ከሆነ ደግሞ ከእንግዲህ የሕግ ብዕር አትጨብጥም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ልጅቷ ያልተባለችውን ብላ ከሆነ ግን የምትባረረው እሷ ናት፤ ያኔ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። የቱ እንደሆነ አሁን እንዳትነግረኝ። ለችሎቱ ንገረው። ሥራህ ያለው ልብህ ላይ ነው፤ እስከዚያ እዚህ አትምጣ።»

በሪሁን ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ እንዴት እንደሚያቅት ያን ዕለት ገባው።

በዚያው ሳምንት ሌላ ጉድ መጣ። «ሐሰት አላነብም ያለችው ልጅ» ተብሎ የሶልያና ስም በከተማው ናኘ። ፎቶዋ አውቶቡስ ላይ ወጣ። የጠዋቱ ፕሮግራም አሁን «እውነትን በአርባ ዘጠኝ ከተናገረችው ከሶልያና ጋር» ተብሎ ይጀምራል። ሰልፈኛው ሲታጠፍ ያጨበጭባል። በሪሁን ይህን ሲሰማ የሚሆነውን አጣ። የገዛ ውሸቱ እኮ ነው ያነገሣት! ምክሩን ሰጣት፣ ማመልከቻውን ሰጣት፣ አሁን ደግሞ ውሸቱን ሰጣት፤ ልጅቷ የነካችው ሁሉ ያበራል። ቅናቱ በፊት አንጀቱ ላይ ነበር፤ አሁን አጥንቱ ገባ።

አንድ ነገር ግን አደረገ፤ ለዚህ አይታማም። ማታ ጋሽ ሽብሩ ሱቅ ሄደና «ልሸከምዎት» አለ።

«ምን?»

«እስከ አሥራ አራተኛ ፎቅ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መዶሻቸውን አስቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለቱም ደረጃው ላይ ተዘረጉ። ሰባተኛው ላይ በሪሁን አስመለሰው። አሥራ አራተኛ ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ፈጅቶባቸው ነበር፤ ወይዘሮ ተዋበች በሩ ሲከፈት ከአልጋቸው «ሽብሩ?» አሉ። ሌላ አልተናገሩም፤ አፋቸው ብዙ አይታዘዝላቸውም። ጋሽ ሽብሩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያዙ። በሪሁን ግድግዳ ተደግፎ እያለከለከ ሲያያቸው፣ አያችሁ ይሄን ሰው፣ እዚያም ላይ ቀና። እሱን በር ሲከፍት ስሙን የሚጠራው የለም።

በየማታው ሄደ። በአሥረኛው ቀን ማረፊያቸው ሁለት ብቻ ሆነ። በሃያኛው ቀን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ቆመ፤ ድካም አልነበረም ያቆመው። ሽማግሌው ጀርባው ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን አያይም። ምናልባት ስለማያይ ነው አፉ የተፈታው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እኔ ነኝ። ወረቀትዎ ሐሰት ነው ብዬ ለልጅቷ የነገርኳት እኔ ነኝ። እንድትወድቅልኝ ብዬ። ቀንቼ ነው።»

ጋሽ ሽብሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ትንፋሻቸው አንገቱ ላይ ይሰማዋል። ከጀርባው ይወርዳሉ ብሎ ጠበቀ።

«በምኗ ቀናህ?» አሉ በመጨረሻ።

«በሁሉ ነገሯ።»

«እኔም ወጣት ሳለሁ በእውነተኞቹ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች እቀና ነበር። እግር ነበራቸው።» ቀጥለውም «ይሄንኑ ለችሎቱ ንገር፤ ይበቃኛል። ውጣ አሁን፣ ተዋቡ ትጠብቃለች» አሉት።

በሪሁን አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ቀናት ደረጃው ቀሎት ነው የወጣው። እንቅልፍ ወሰደው፣ ምግብ ጣመው። አምባሩን ሲያይ መጀመሪያ ስልሳ ነበር፣ ከዚያ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሃምሳ ሰባት። አሥራ አራት ፎቅ ሽማግሌ ተሸክሞ በየማታው የሚወጣ ሰው ልቡ ምን ሊሆን ኖሯል? በሶውም ተልባውም ያላደረጉትን ጋሽ ሽብሩ አደረጉለት።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ችሎቱ ደጃፍ ላይ የሶልያናን ፊርማ የሚጠብቅ ሰው ተሰብስቧል። በሪሁን ጋሽ ሽብሩን ደግፎ በመሐላቸው ሲያልፍ ልቡ ሰላም ነበረው። የሚለውን በቃሉ ይዞታል፤ ቀናሁ፣ ዋሸሁ፣ ወረቀቱ እውነተኛ ነው። ከዚያ ብዕሩን ይነጠቅ፣ ይሁን፤ ጫማ ማደስም ሥራ ነው።

ሶልያና አየችውና ሰውን ጥላ መጣች። አምባሩን አይታ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እንዴ ጋሼ! ሃምሳ ሰባት! እሰይ!» ሰው ሁሉ ዞረ። ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው። «አይዞህ፣ ትችላለህ። ምንም አትፍራ። እኔ እንዳስተማርኩህ በአፍንጫ ሳብ፣ በአፍ ልቀቅ።»

ከኋላዋ የቆመች አንዲት ሴት «አየሽ፣ ይግባኝ ላለባት እንኳ ታዝናለች፤ መልአክ እኮ ናት» አለች።

ልጅቷ ከልቧ ነው፤ ይህን በሪሁንም ያውቃል። ደግሞ እኮ ያን ያህል የለፋበት ልብ፣ አርባ ማታ ሽማግሌ ተሸክሞ ያገኘው ሃምሳ ሰባት፣ አሁን በዚህ ሕዝብ ፊት የእሷ ትምህርት ፍሬ ሆነ! ያስተማርኩህ አለች። ይህንንም ወሰደችው። በሪሁን ፈገግ ብሎ ገባ።

«ተናገር» አለ ችሎቱ።

በሪሁን በአፍንጫው ሳበ። ሃምሳ ሰባት። የገዛ ልቡ ዝም ማለቱ ገረመው። እንዲህ ባለ ልብ ሰው ምንም ቢል ይታመናል ብሎ ሲያስብ እንኳ ቁጥሩ አልነቃነቅም አለ።

«ወረቀቱ እውነተኛ ነው» አለ። «ሐሰት ነው ብዬም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«ያን ዕለት ‹እኔ ነኝ የዋሸሁት› ብለሃል።»

«ደንግጬ ነበር። የሽማግሌው ጉዳይ እንዳይወድቅ ጥፋቱን በራሴ ላይ ወሰድኩ። መቶ አርባ ሦስት እኮ ነበርኩ፤ ራሳችሁ አላመናችሁኝም።»

«ታዲያ ቃል አቅራቢዋ ከየት አመጣችው?»

«እሷ ሕግ አልተማረችም። ሦስተኛው ገጽ የማስረዳት ሸክም የሚባል ነገር አለበት። ያን ዕለት ምን እንደሆነ ጠይቃኛለች። አልገባትም፤ ማንበብ ፈራች። ምክንያት ፈልጋ ይሆናል።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሃምሳ ሰባት። አረንጓዴ።

«ውሸት ነው!» ተከትላው ገብታ ከኋላ የተቀመጠችው ሶልያና ቆመች። «ጋሼ! ነግረኸኛል እኮ! እዚያ ወንበር ላይ፣ ክሬን እያሰርኩ! ጋሼ በሪሁን፣ እኔን እየኝ እስቲ!»

ከግድግዳው ላይ ቁጥሯ ወጣ። ዘጠና አራት። መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ ስድስት። ልጅቷ ቁጥሩን ስታየው አላመነችውም፤ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። በሕይወቷ እንዲህ መትቶባት አያውቅም።

«ቃሏ በጥርጣሬ ተይዟል» አለ ችሎቱ። «የቃል አቅራቢነት ፈቃዷ ታግዷል። የባለጉዳዩ ዕድሜ ሰባ አንድ ተብሎ ይመዝገብ፤ ወረቀቱ ይመለስለት።»

በሪሁን የተሰማውን አልደብቃችሁም፤ ጣፈጠው። ማር ማር አለው። መቶ ሠላሳ ስድስት! ከታዳሚው መሐል የተቀመጡት ወይዘሮ ውዳላት አጎንብሰው መነጽራቸውን ጠረጉ። ሲወጡ «ነገ በጠዋት ና፤ ወንበሩን አስጠርገዋለሁ» አሉት፣ ዓይኑን ሳያዩ። ደጅ ላይ የነበረው ሕዝብ ለማን እንደሚያጨበጭብ ግራ ገብቶት ትንሽ ቆሞ ተበተነ። ሶልያና ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ነበር። ውኃ ያቀበላት ሰው አልነበረም።

በታክሲ እስከ ሰሚት ድረስ ጋሽ ሽብሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። ወረቀታቸውን ብብታቸው ውስጥ መልሰዋል። በሪሁን ግን አላስቻለውም።

«በቃ ጋሽ ሽብሩ፣ ተገላገሉ። ከእንግዲህ ጀርባዬ አረፈ» አለና ሳቀ።

ሕንፃው ውስጥ ሲገቡ ሊፍቱ ገና ከሩቅ በሩን ከፈተ። «እንኳን ደህና መጡ አቶ ሽብሩ። አሥራ አራተኛ ፎቅ» አለ።

ጋሽ ሽብሩ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጅቷ ምን አድርጋህ ነው?» አሉ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ...»

«ለኔ እንዳትል። ለኔ ያሰብክልኝ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። እዚያ የነገርከኝን ነበር ይዤ የገባሁት። ቆሜ ልናገር ብል ማን ይሰማኛል? ባለጉዳይ ነኝ። ልቤም እንደ ጉልበቴ ያለቀ ነው።»

«አሁን ምን ዋጋ አለው? ይግቡ እንጂ። እትዬ ተዋበች እየጠበቁ ነው።»

«ስገባ ‹በምን መጣህ?› ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

ሊፍቱ በሩን ሊዘጋ ሲል አይቷቸው መልሶ ከፈተ። ጋሽ ሽብሩ ዞር አሉና ደረጃው ጋ ሄዱ። መያዣውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ አንዱን ጉልበት አነሡ፣ ሌላውን ጎትተው አስከተሉት። አንድ ደረጃ። በሪሁን ሮጦ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ አጎነበሰ።

«ይያዙኝ፤ እንደ ወትሮው።»

«አትንካኝ።»

ሽማግሌው በጎኑ አለፉት። ሁለተኛው ደረጃ ላይ አቃሰቱ፤ ሦስተኛው ላይ ቆመው ተነፈሱ፤ ደግሞ ቀጠሉ። በዚህ አካሄድ እስኪነጋም አይደርሱም፤ ይህን በሪሁንም እሳቸውም ያውቃሉ። እሱ ከታች ቆሞ፣ በማግሥቱ የሚቀመጥበትን ወንበር እያሰበ አያቸው፤ የፈለገው ሁሉ በእጁ ነበር። የመጀመሪያውን ፎቅ መታጠፊያ ተደግፈው ሲያልፉና ከታች ጫማቸው ብቻ ሲታየው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀናባቸው።